አንድ ኮምፔርሳቶ፦ በነሐሴ ሃያ አራት ኪሎ፣ በጥር ሃያ አንድ

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሩ ስም፦ ዘርአ ዳዊት ገብረአብ
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ በአንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር የዕቅድና መረጃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ
ቀንና ሰዓት፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ሰላማዊት ወልደኪዳን
ጉዳዩ፦ በማኅበሩ መጋዘን የነበረ 120 ኮምፔርሳቶ በሌላ ተለውጧል በሚል የቀረበ ጥቆማ

እኔ ስሜ ከላይ የተመለከተው ምስክር በዚሁ ጉዳይ ጥር 6 ቀን ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ነው። ያን ቀን በሰጠሁት ቃል የማኅበራችን አናጢና የመጋዘን ኃላፊ አንዳርጌ ታደለ ታስሯል። ነገ ጥር 15 ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቃሌ ስሕተት ስለሆነ ከዚያ በፊት እንዲታረምልኝ ነው የመጣሁት።

ማን አስፈራራዎት ተብዬ ተጠየቅሁ። ማንም አላስፈራራኝም። ማን ለመነዎት ተብዬ ተጠየቅሁ። ባለቤቱ ሰብለ ጥር 12 ቀን ቢሮዬ መጥታ ነበር፤ ስለ እሷ ወደ ኋላ እናገራለሁ። ቃሌን የቀየርኩት ግን በማግስቱ፣ በሌላ ምክንያት ነው። ዋና ሳጅን ሁለቱን ቀኖች አስምራባቸዋለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አሰምርባቸው ነበር።

ስለ ሥራዬ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። እንጨት የማውቀው በወረቀት ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሀይማኖት አንድ ጥናት እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። ጥናቱ ኢትዮጵያና ኬንያ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከውጭ ያስገቡትን ኮምፔርሳቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ነው። የአካባቢያችንን ባሕር ዛፍ እየላጠ ኮምፔርሳቶ የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ለማቋቋም አስበን ነበር፤ ጥናቱ ለዚያ ጥያቄ ማስረጃ እንዲሆን ነው። ኬንያ ለምን ተመረጠች ለተባለው፣ ጎረቤት ናት፣ ወደብም አላት፤ የእኛ ነገር ከእሷ ጎን ሲቀመጥ ጎልቶ ይታያል ብለን ነው።

ይህ ከስርቆቱ ጋር ምን ያገናኘዋል ተብዬ ተጠየቅሁ። ስርቆቱ የተወለደው ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው ብዬ መለስኩ። ሌላ ቦታ አልተወለደም።

የእኛን አገር አሃዝ ያገኘሁት በኪሎ ነው። የኬንያው በሜትር ኩብ ነው። ሁለቱን ለማወዳደር ሁለቱንም “ስንት ኮምፔርሳቶ ይሆናል” ወደሚል ቁጥር መለወጥ ነበረብኝ። የኬንያው ቀላል ነው፤ የአንዱ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ይታወቃል። የእኛን ለመለወጥ ግን አንድ ኮምፔርሳቶ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን፣ ማለትም በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት፣ በከተማችን ላለው የተፈናቃዮች መጠለያ ክፍል መከፋፈያ የሚሆን 120 ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ወደ መጋዘናችን ገብቶ ነበር። ከመኪና ሲራገፍ ይዘንብ ነበር። ዝናቡን በመስኮት አይቼዋለሁ።

ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መጋዘን ገብቼ፣ ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን አሸክሜ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ላይ አስመዘንኩ። ባለ ወፍጮዋ ሴትዮ “ይኸን ደግሞ አልመን እንፍጨው ወይስ ክክ ይሁን?” ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ሃያ አራት ኪሎ ሆነ። እዚያው ላይ በእርሳስ “24 ኪሎ፣ ነሐሴ 14፣ ዘ.ዳ.” ብዬ ጽፌ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ እንደሆነ ወደ ክምሩ አናት አስመለስኩት። የአሥራ አምስት ዓመት ኪሎ በሙሉ ለሃያ አራት አካፈልኩ።

አንድ ብቻ ነው የመዘኑት ተብዬ ተጠየቅሁ። አንድ ብቻ ነው። በአንዱ ሁለት አገር መዘንኩበት።

በዚያ ቀን አንዳርጌ አብሮኝ ነበር። ኮምፔርሳቶውን የተሸከመው እሱ ነው። ከምሥራቅ ወለጋ ተፈናቅሎ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እኛ ጋ የተቀጠረው በሐምሌ ነው። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው አንድ ነገር ተናግሯል። “ጋሼ፣ ዛሬ አይመዘንም፤ ውኃ ጠጥቷል” ነው ያለኝ። ሰምቼዋለሁ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ቁጥሩን እየጻፍኩ ነበር።

ይህንን በጥር 6ቱ ቃልዎ ለምን አላስመዘገቡም ተብዬ ተጠየቅሁ። ስላልተጠየቅሁ ነው አልኩ። ዋና ሳጅን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ትዝ አላለኝም ነበር ብዬ መልሴን ላስተካክል ፈለግሁ፤ ግን የትኛው እውነት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም ይጻፉ ብያለሁ።

በጥናቱ መሠረት የእኛ መስመር በአሥራ አምስቱም ዓመት ከኬንያ መስመር በታች ነበር። አንድም ቦታ አይገናኙም። ወይዘሮ ሀይማኖት ደስ አላት። “እንዲህ ነው እንጂ! የሌለን ነገር ይታይ” አለች። አሃዞቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ሠንጠረዡን አያይዣለሁ። ስሕተት ስለሆነ ግን ማንም እንዳይጠቀምበት አደራ እላለሁ።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጥናቱ ለማኅበሩ ኮሚቴ ቀረበ። ከአባላቱ አንዱ ሃያ አራት ኪሎውን ከየት አመጣኸው አለኝ። ከመጋዘናችን አልኩ። እስቲ አሁን መዝንልን አሉ። ስድስት ሆነን ወጣን። ከላይ ያለውን አንዱን ወደዚያው ሚዛን ወሰድን። ሃያ አንድ ኪሎ። ሌላ ደገምን። ሃያ አንድ። ሦስተኛው ሃያ ኪሎ ተኩል። አራተኛው ሃያ አንድ። ወይዘሮ ሀይማኖት ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰላችና መሳቅ ጀመረች። “በነሐሴ ኬንያ ትበልጠን ነበር። አሁን በሰባቱ ዓመት እኛ በለጥናት። አንተ ዘርአ፣ በአምስት ወር ውስጥ ይኸን ሁሉ ኮምፔርሳቶ ማን አስገባው?” ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፊቴ ግን ግሎ ነበር፤ እስከ ማታ አልበረደልኝም።

አሁን የምናገረው ዋናው ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ማሰብ እችል ነበር። መጀመሪያ የመዘንኩት ስሕተት ነው፤ ወይም ሚዛኑ ተበላሽቷል፤ ወይም እንጨቱ ሌላ ነው። ሚዛኑን ባለ አሥር ኪሎ ድንጋዩን አስቀምጠን አየነው፤ ትክክል ነው። ከቀሩት ሁለቱ የመጀመሪያውን አላሰብኩትም። ለአንድ ደቂቃ እንኳ። ሰዎቹ ተመልሰው ስብሰባ ሲገቡ እኔ መጋዘን ቀረሁና የእርሳስ ጽሑፌን ፈለግሁ። ከላይ ያሉትን አሥሩን አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁ። የለም። በእያንዳንዱ መካከል ቀጫጭን ሞራሌ፣ ማለትም አራት ማዕዘን የተጠረበ እንጨት፣ ተጋድሟል። ነሐሴ ላይ ይህ አልነበረም። ክምሩ ከፍ ብሎ እንዲታይ የተደረገ መሰለኝ። ቆጠርኩ፤ 120 ሞልቷል። ሦስት ኪሎ በመቶ ሃያ አባዛሁ። ሦስት መቶ ስድሳ ኪሎ። የአሥራ ሰባት ኮምፔርሳቶ ክብደት ከመጋዘኑ ወጥቷል፣ ቁጥሩ ግን አልጎደለም። እንግዲህ ደህናው ወጥቶ ቀሽሙ ገብቷል አልኩ። ስሌቱ አንድም እንከን አልነበረበትም።

በማግስቱ ጥር 3 ቀን ጠዋት ጥበቃውን ሳምሶንን ለብቻው አነጋገርኩት። አንዳርጌ ኮምፔርሳቶውን ሲነካካ አይተሃል ወይ አልኩት። “ኧረ ጋሼ፣ ያወጣዋል፣ መልሶ ይከምረዋል። እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያገላብጠው። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከመስቀል በኋላ፣ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ አሁን ደግሞ በገና ማግስት።” ጭኖ ሲወጣ አይተሃል አልኩት። “ጭኖ ሲመጣ ነው ያየሁት። ሁለት ቅዳሜ ከጎረቤላ በሸራ የተጠቀለለ ነገር አምጥቷል።” እኔ ጥር 6 ቀን ያስመዘገብኩት “በሸራ የተጠቀለለ ዕቃ ጭኖ ሲንቀሳቀስ በጥበቃ ታይቷል” የሚል ነው። ሳምሶን ሲመጣ ነው ያለው። ሲንቀሳቀስ ያልኩት እኔ ነኝ። ዋና ሳጅን የመጀመሪያውን ቃሌን አውጥታ አመሳከረችው። እንደዚያው ነው።

ወዲያው ከዚያ አንዳርጌን ጠራሁት። ምን እያደረግህ ነው በኮምፔርሳቶው አልኩት።

“እያስተነፈስኩት ነው ጋሼ።”

ማን አዘዘህ አልኩት።

“ማዘዣ እስኪመጣማ ይጎብጣል።”

ሲናገር ፈገግ ብሏል። የቀለደብኝ መሰለኝ። ወይዘሮ ሀይማኖት ከሳቀችብኝ ገና አንድ ቀኑ ነበር።

ጥር 6 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ወደዚህ መጣሁ። የመጣሁት ብቻዬን ነው፤ ኮሚቴው አላከኝም። ቃሌን በሰጠሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንዳርጌ ተያዘ፣ መጋዘኑም ታሸገ። ጥር 8 ቀን ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰባት ቀን ጊዜ ተጠየቀበት። ቢሮዬ ተመልሼ ጥናቱን ጨረስኩ። በሃያ አራቱ። በግርጌ ማስታወሻም “በጥር የተመዘነው የተለወጠ ዕቃ ስለሆነ ግምት ውስጥ አልገባም” ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እሱን ጠረጠሩ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ወይዘሮ ሀይማኖት ጋም አለ ተብዬ ተጠየቅሁ። የሚከተለውን ተናገርኩ። የወይዘሮ ሀይማኖትን አባት አውቃለሁ። የሳምሶንን ወንድም አውቃለሁ። የአንዳርጌን ማንንም አላውቅም። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ ከሁለቱ የማላውቀው ጥፋተኛ ይመስለኛል። ሥራዬ ሆኖ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። ይህ አይጻፍ ብዬ ነበር። ተጽፏል።

ስለ ሰብለ። ጥር 12 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ልጇን አዝላ ቢሮዬ ገባች። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እንደምል አውቅ ነበርና። “ጋሼ፣ ባለቤቴ አሥራ ሰባት ኮምፔርሳቶ ወሰደ አሉ አይደል? እስቲ ይምጡና መጠለያው ውስጥ ያለውን ክፍላችንን ይዩት። ከጎረቤቴ የሚለየኝ ብርድ ልብስ ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ስቆጣ ይሰሙኛል። ኮምፔርሳቶ ቢኖረን ኖሮ ቀድሞ የማቆመው እኔ አልነበርኩም?” አለች። የሸጠው እንደሆነስ አልኳት። አሁን ሳስበው የተናገርኩት ያንን ነው። ሕፃኑን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ አስተካከለችና “እንግዲያው ገዢውን ይፈልጉት” ብላ ወጣች።

ገዢውን ልፈልግ ጥር 13 ቀን ወደ አንኮበር፣ ጎረቤላ ሄድኩ። ይህ ግልጽ ሆኖ ይጻፍልኝ፤ የሄድኩት ላድነው አይደለም። ላረጋግጥበት ነው። ከደብረ ብርሃን 12፡40 ላይ በሚኒባስ ተነሥቼ ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ ደረስኩ። ገደሉ በጉም ተሞልቶ ነበር፤ ከአንኮበር ወዲያ አገር ያለ አይመስልም ነበር። በቦርሳዬ ከአንድ ሥጋ ቤት የተዋስኩት የሚንጠለጠል ሚዛን ነበር። አንድ ባለ ሱቅ ስጠይቀው በአቅራቢያው ያለ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በኅዳር አዲስ ኮርኒስ እንዳስገባ፣ ከሠራተኞቹም አንዱ “ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ የወለጋ ሰው” እንደነበር ነገረኝ። ልቤ ዘለለ። ደስታ ነበር።

የአጥቢያው አስተዳዳሪ ቄስ ብርሃነ መስቀል ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ኮርኒሱን ማየት እፈልጋለሁ አልኳቸው። አሳዩኝ። ኮምፔርሳቶ ነው። ከየት ተገዛ አልኳቸው። ከአዲስ አበባ ያመጣው አንድ የሰፈሩ ተወላጅ እንደሆነ፣ በምን መኪና፣ በየትኛው ቀን እንደገባ ነገሩኝ፤ ገና በጥቅምት ነው። እኔ አላመንኩም። የተረፈ ቁራጭ አለ ወይ፣ ልመዝነው እፈልጋለሁ አልኩ። ሚዛኑን ከቦርሳ ሳወጣ ሲያዩ፦

“ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ልትመዝን ነው ከደብረ ብርሃን የመጣኸው?”

ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዳርጌ መታሰሩን አልሰሙም ነበር። “ያ ልጅ እኮ ለድካሙ እንኳ ገንዘብ አልወሰደም። የድሮውን ኮርኒስ ሞራሌ ስጡኝ፣ የደረቀ ነው፣ ኮምፔርሳቶ ማስተንፈሻ ይሆነኛል አለ። በሁለት ቅዳሜ በሸራ አሥሮ ወሰደው” አሉ።

ይህንንም አላመንኩም። አለማመኔን ፊቴ ላይ አይተውታል መሰለኝ፣ እጄን ይዘው ወደ ምዕራቡ በር ወሰዱኝ። በሩ ትልቅ የወይራ እንጨት ነው። ተዘግቷል። “እስቲ እጅህን አስገባ” አሉኝ። በሩና መቃኑ መካከል ሁለት ጣቴ ገባ። “ይኸው፤ ተዘግቶ ድመት ያስገባል። በነሐሴ ብትመጣ ለመዝጋት ሁለት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ወረቀት አያስገባም።”

እኔ ምን አልኳቸው? “በሩን ማን ለወጠው?” አልኳቸው።

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ቄሱ ሳቁ። “ማንም። ሃያ ሁለት ዓመት ስከፍተው የኖርኩት በር ነው። በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይተወዋል።”

ጣቶቼን ከስንጥቁ ሳላወጣ ቆየሁ። ውኃ ጠጥቷል ጋሼ። እያስተነፈስኩት ነው ጋሼ። በሩ ቀዝቃዛ ነበር። ቄሱ አመመህ ወይ አሉኝ።

የተመለስኩት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ ያሰብኩት እንዲህ ነው። አንዳርጌ ክምሩን የሚያገላብጠው ከላይ ጀምሮ እያነሣ፣ እየገለበጠ፣ ጎን ላይ አዲስ ክምር በመሥራት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሲያገላብጥ ከላይ የነበረው ከታች ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያገላብጥ ወደ ላይ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ እንደገና ከታች። ሳምሶን ሦስት ጊዜ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ የጻፍኩበት ኮምፔርሳቶ ከመቶ ሃያው የመጨረሻው፣ ፊቱን ወደ መሬት የደፋው መሆን አለበት። እኔ ጥር 2 ቀን ያየሁት የላይ አሥሩን ነው። መጋዘኑ ተከፍቶ ከታች ያለው እንዲታይ፣ እንዲመዘንም እጠይቃለሁ አልኩ።

ዋና ሳጅን ይህን ሐሳብ ማን ሰጠዎት አለችኝ። ማንም አልኩ። ትናንት ማታ ማን ጋ ደወሉ አለችኝ። ማንም ጋ። መጋዘኑ እስኪታሸግ ድረስ የእርሳስ ጽሑፍ ሊጨምር የሚችል ሰው ነበር ወይ አለችኝ። ከጥር 2 እስከ ጥር 6 እኔ ራሴ ገብቼ እወጣ ነበር፤ እችል ነበር አልኩ። በእርሳስ መጻፍ ማንም ይችላል፤ መቶ አሥራ ዘጠኙን አንሥቶ የታችኛው ላይ ጽፎ መልሶ ለመከመር ግን ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሳምሶንም ሳያየው አይቀርም። ይህንን ሁሉ አጣርታ ስልክ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች። በመስኮቱ በኩል የታሰሩት ፀሐይ የሚሞቁበት ግቢ ይታያል። አንዳርጌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አላየኝም። ወይም አይቶኛል።

ቃሌ ከቀኑ 6፡15 ላይ ተቋርጦ፣ ከ10፡05 ጀምሮ እንደሚከተለው ቀጥሏል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዋና ሳጅን፣ ሁለት ፖሊሶች፣ ሳምሶንና እኔ ባለንበት የመጋዘኑ እሽግ ተነሣ። ክምሩን ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ እያነሣን፣ መካከል ያለውን ሞራሌ ወደ ጥግ እየጣልን ወረድን። ስድሳ ላይ ስንደርስ ዋና ሳጅን “ከሌለስ?” አለችኝ። ከሌለ የጥር 6ቱ ቃሌ ይጽና አልኩ። ይህን ስል እንዲኖር የፈለግሁት ይሁን እንዳይኖር አላውቅም ነበር። ከሌለ ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ሳምሶን “ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት እኔ ላንሣ” አለኝ። አልተውኩም።

የመጨረሻው ኮምፔርሳቶ ከላዩ ምንም አልተጻፈበትም። ገለበጥነው። “24 ኪሎ፣ ነሐሴ 14፣ ዘ.ዳ.” ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። አራቱን ቁጥር አናቷን ክፍት አድርጌ ነው የምጽፋት፤ ዋና ሳጅን በጥር 6ቱ ፊርማዬ ሥር ካለው ቀን ጋር አስተያይታዋለች። ወፍጮ ቤት ወስደን በሁለቱ ፖሊሶች ፊት ተመዘነ። ሃያ አንድ ኪሎ። ባለ ወፍጮዋ “ይኸ እንጨት አሁንም አልደቀቀም?” አለች። የሳቀ የለም።

ስለዚህ ከመጋዘኑ የወጣ ኮምፔርሳቶ የለም። የተለወጠም የለም። ሦስት መቶ ስድሳ ኪሎ የወጣው ውኃ ነው። ውኃው በሰላም እንዲወጣ፣ እንጨቱም እንዳይጎብጥ ያደረገው አንዳርጌ ነው።

የሁለቱ አገር ንጽጽር አሁን ምን ይላል ተብዬ ተጠየቅሁ። ምንም አይልም። ወደ አገራችን የገባው ስንቱ እርጥብ፣ ስንቱ ደረቅ፣ ስንቱ ቀጭን፣ ስንቱ ወፍራም እንደነበር አላውቅም። ኬንያ የበለጠችበትንም እኛ የበለጥንበትንም ዓመት ያወጣሁት ከአንድ እርጥብ እንጨት ነው። ለወይዘሮ ሀይማኖት ዛሬ በስልክ ነግሬያታለሁ። “ታዲያ ማን በለጠ?” አለችኝ። አላውቅም ስላት “ይኸን ቃል ካንተ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው” ብላ ዘጋችው።

ነገ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይህ ቃል ከመዝገቡ ጋር እንደሚቀርብ፣ ጉዳዩ እስኪዘጋ ግን በዋስ ሊለቀቅ እንደሚችል ዋና ሳጅን ገልጻልኛለች። ዋስ እኔ እሆናለሁ አልኩ። አንድ ፖሊስ ልካ አስጠየቀችው። ፖሊሱ ተመልሶ ሲመጣ ሳቁን መያዝ አልቻለም ነበር። አንዳርጌ ያለው ቃል በቃል ይጻፍ ብዬ ጠይቄያለሁ፦ “ጋሼ ዘርአ ዳዊት ከዋሱኝ በየወሩ ሳይመዝኑኝ አይቀሩም። ሰብለ ዋስ ታመጣለች።”

ፖሊሱ ሌላም ጥያቄ ይዞ መጥቷል። አንዳርጌ ክምሩን እንዳፈረስነው ሰምቷል። መልሳችሁ ስትከምሩ ሞራሌውን በየመካከሉ አግብታችኋል ወይ ይላል።

አላገባንም። ሞራሌው ጥግ ላይ ተጥሎ ቀርቷል። መጋዘኑ እንደገና ታሽጓል። አሁን ይከፈት ብዬ ጠየቅሁ፤ ዛሬ አይቻልም፣ ነገ ከፍርድ ቤት በኋላ ቁልፉ ለአንዳርጌ ሲመለስለት ነው ተባልኩ። መቶ ሃያው ኮምፔርሳቶ ዛሬ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍቶ ያድራል። የመጨረሻውን አናቱ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ፤ እስከማውቀው ድረስ እውነት ነው። የጥር 6ቱንም የፈረምኩት እስከማውቀው ድረስ እውነት ነው ብዬ ነው፤ ያን ቀን የዋሸሁ አልመሰለኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተቀድዶ እንዳይጣል፣ ሁለቱም ቀናቸው እንዲታይ ሆኖ ጎን ለጎን እንዲያያዙ ጠይቄ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዘርአ ዳዊት ገብረአብ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ሰላማዊት ወልደኪዳን
ሲመዘን የነበረ ታዛቢ፦ ሳምሶን ታዬ፣ ጥበቃ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 11፡10 ሰዓት